በተሰጣ ልብስ ላይ ያረፈ ብርሃን

ዋሽንግተን ዲሲ ባለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ አንዲት ትንሽ የዘይት ቀለም ሥዕል አለች። ቁመቷ 33 ሴንቲሜትር፣ ወርዷ 40.6 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ትልልቅ ሸራ በተሰቀለበት ቤት ውስጥ ሰው ሳያያት ሊያልፍ ይችላል። የሣለቻት ፈረንሳዊቷ ቤርት ሞሪዞ ናት፤ ጊዜው 1875 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሥዕሏ ላይ ንጉሥ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ቅዱስ የለም። ከፓሪስ ወጣ ብሎ ዠንቪሊዬ በሚባል ሜዳ ላይ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። ገመዱ ላይ ነጩ ልብስ ተደርድሯል፣ ከወዲያ ቤቶች ይታያሉ፣ ከላይ ደመና የበዛበት ሰማይ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው «ይሄማ አላለቀም» ነው፤ የሴቶቹ ፊት አይለይም፣ ጣታቸው አይታይም፣ ልብሱም በጥቂት የብሩሽ ምት ተቀብቶ የታለፈ ነው። ሁለተኛው «ልብስ ማስጣት ደግሞ ምኑ ይሣላል?» ነው። ሁለቱም ቅሬታዎች ዕድሜያቸው 150 ዓመት ደርሷል፤ የፓሪስ ሰዎችም በጊዜው ያሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱንም ማቃለል አልፈልግም፤ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸውና። የሁለቱም መልስ ያለው ግን አንድ ቦታ ነው። ሞሪዞና ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ጓደኞቿ ሲሥሉ ዓይናቸው የሚከተለው ልብሱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነበር።

ይህ አባባል በየሥነ ጥበብ መጽሐፉ አለ፤ ስለተባለ ብቻ ግን አይገባም። በዓይን መሞከር አለበት። ለመሞከር ደግሞ እኛ ኮሎራዶ ውስጥ ኮሜርስ ሲቲ የምንኖር ሰዎች ከፓሪሶች የተሻለ ቦታ ላይ ነን።

ፀሐይ በወጣበት ቀን ረፋድ ላይ ነጭ አንሶላ ወይም የታጠበ ነጠላ ጓሮ አስጡ። ሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤች.ኦ.ኤ.) ካለበትና «ገመድ ክልክል ነው» ከተባላችሁ፣ በ2008 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ከእናንተ ጋር ነው፤ ማኅበሩ ስለ ቦታውና ስለ መልኩ ደንብ ሊያወጣ ይችላል እንጂ ተስቦ የሚዘረጋና ተመልሶ የሚጠቀለል የልብስ ገመድን ጨርሶ መከልከል አይችልም። ልብሱን ስታሰጡ ከፊሉ ፀሐይ እንዲመታው፣ ከፊሉ ደግሞ በራሱ እጥፋት ጥላ ውስጥ እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ ልጆቻችሁን «ጥላው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ይሏችኋል፤ አዋቂም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚለው። አሁን አንድ የሲሪያል ካርቶን ቁራጭ ወስዳችሁ መሐሉን በእርሳስ ብሱት። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ካርቶኑን የያዘ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ በቀዳዳው ውስጥ ጥላው ብቻ እንዲታያችሁ አድርጉ። ልብስ መሆኑ ይጠፋል፣ ገመዱም ይጠፋል። በቀዳዳው ውስጥ የሚቀረው ቀለም ብቻ ነው፤ እሱም ሰማያዊ ነው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ በምትመታው ቦታ የእርሷ ሞቅ ያለ ብርሃን ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በጥላው ቦታ ግን ፀሐይዋ ብትከለልም ሰማዩ በሙሉ እያበራ ነው፤ ከሰማያዊ ሰማይ የሚመጣ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ነው። ነጭ ጨርቅ የደረሰበትን ብርሃን ሁሉ መልሶ ስለሚሰጥ ይህን በደንብ ያሳያል። ከሣሩ አጠገብ ያለው የአንሶላው ጫፍ ትንሽ አረንጓዴ ይላል፤ ቀይ የጡብ ግድግዳ አጠገብ ከሆነ ወደ ሮዝ ያደላል። ይህን ሁሉ በአዘቦት ቀን የማናየው አእምሯችን አስቀድሞ ስለሚያርመው ነው። ነጠላ ነጭ መሆኑን ስለምናውቅ በጥላም በፀሐይም ነጭ ሆኖ ይታየናል። ለኑሮ ይህ እርማት ይጠቅማል፤ ልብሳችን ጥላ በገባ ቁጥር የተለወጠ ቢመስለን እንቸገር ነበር። ሠዓሊው ግን እርማቱን አሸንፎ ዓይኑ በእርግጥ የተቀበለውን ማግኘት አለበት።

ኮሜርስ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። በሁለቱም ቦታ አየሩ ሳሳ ያለ፣ ሰማዩ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ጥላው ጠርዙ የጠራ፣ ቀለሙ የለየለት ይሆናል። ፓሪስ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለች፣ እርጥበትና ደመና የሚበዛባት ከተማ ናት። የሞሪዞ ልብሶች እኛ ጓሮ እንዳለው አንሶላ ዓይን የማይወጉት ለዚህ ነው። ደመና ሲኖር ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል፣ ጥላው ይለዝባል፣ ነጩም ወደ ግራጫና ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። የኛን ሰማይ የሚመስል ብርሃን ማየት የሚሻ ሰው ክሎድ ሞኔ በ1868 እና 1869 ክረምት የሣለውን የበረዶ ሥዕል ይመልከት፤ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው። ከእንጨት የተጎነጎነ አጥር በረዶ ተሸክሞ ይታያል፤ በር ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ፣ ጅራተ ረጅም ወፍ ተቀምጣለች። የእርሷን ዘመዶች እዚሁ ኮሎራዶ በየመንገዱ እናያቸዋለን። የአጥሩ ጥላ በረዶው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። በረዶ በጣለ ማግስት ጓሯችሁን አይታችሁ ወደዚያ ሥዕል ብትመለሱ ሞኔ ምንም እንዳልጨመረ ትረዳላችሁ።

«አላለቀም» ወደሚለው ቅሬታ ልመለስ። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ ሥርዓት አለው። በዚያ ሥዕል ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፣ ሰውም መሬት ላይ ጥላ አይጥልም። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ስትታይ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሥዕሉ የሚናገረው ጊዜ ስለማይገዛው ነገር ነውና። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፣ ክፉው በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን ይሣላል። መስመሩ ጥርት ያለ ነው፣ እያንዳንዱ ነገር ወሰን አለው። በዚህ ሥርዓት ያደገ ዓይን የሞሪዞን ሥዕል ሲያይ ወሰኑን ይፈልግና ያጣዋል። እርሷ የያዘችው ጉዳይ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ገመድ፣ ያው አንሶላ ሌላ ቀለም ይዞ ይገኛል፤ ነፋሱም እያንቀሳቀሰው ነው። ስለዚህ ብሩሹ ይሮጣል። ስለ ፊትና ስለ ጣት ዝርዝር የምታጠፋው ጊዜ ቢኖር ብርሃኑ ያመልጣታል። ያላለቀ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞሪዞ የፈለገችውን እስክታገኝ ሠርታ አቁማለች።

እዚህ ላይ ስለ ሰማያዊው ቀለም ዘግየት ብዬ ባወራ ደስ ይለኛል፤ ከጠቅላላው ታሪክ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት አውሮፓ ውስጥ ምርጡ ሰማያዊ የሚገኘው በአፍጋኒስታን ባዳክሻን ከሚወጣ ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ስለሚመጣ ዋጋው ከወርቅ ጋር ይነጻጸር ነበር፤ ሠዓሊዎችም በተለይ ለእመቤታችን ልብስ ያስቀምጡት ነበር። በ1824 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የኢንዱስትሪ ማበረታቻ ማኅበር ያንኑ ቀለም በርካሽ መሥራት ለሚችል 6,000 ፍራንክ እንደሚሸልም አስታወቀ። በ1828 ዣን ባቲስት ጊሜ ሽልማቱን ወሰደ። ነጭ የሸክላ አፈር፣ ሶዳ፣ ድኝና ከሰል በምድጃ አንድ ላይ ሲጋገሩ ያንኑ ሰማያዊ ይሰጣሉ፤ ይህ አልትራማሪን የሚባለው ነው።

ይህ የፋብሪካ ሰማያዊ ሁለት ቦታ ገባ። አንዱ የሠዓሊ ሣጥን ነው፤ ኢምፕሬሽኒስቶች ጥላቸውን የሚሠሩት በእርሱና ኮባልት በሚባለው ሰማያዊ ነበር። ሌላው የልብስ አጣቢዋ ገንዳ ነው። ነጭ ልብስ ሲቆይ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰማያዊ ዱቄት ሲበተን ቢጫውን ያከሽፈውና ልብሱ ለዓይን የነጣ ይሆናል። የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስቱ ሚሼል ኤዥን ሼቭረል በ1839 ባወጣው መጽሐፍ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚለውጠው በሰፊው አስረድቷል፤ ሠዓሊዎችም ተምረውበታል። ዠንቪሊዬ ሜዳ ላይ ልብስ ያሰጡ የነበሩት ሴቶች ግን ሰማያዊ ነጭን እንደሚያነጣ ለማወቅ ሼቭረል አላስፈለጋቸውም፤ በየቀኑ በእጃቸው ይሠሩት ነበር። ሞሪዞ ነጩን አንሶላ ነጭ ለማስመሰል ሰማያዊ ስትነካበት ያንኑ ሥራ በሸራ ላይ እየሠራች ነው። ሥዕሏን ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል፤ ሠዓሊዋና አጣቢዎቹ በአንድ ዕውቀት፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ሲሠሩ።

ውጭ ወጥቶ መሣል ራሱ አዲስ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። ቀድሞ ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር፤ ሲበሳ ይፈሳል፣ ሲከፈት ይደርቃል። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ለንደን ውስጥ በቆርቆሮ ቱቦ የሚቀመጥበትን ዘዴ ፈጠረ። ባቡሩም መጣ፤ ከፓሪስ ሳን ላዛር ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከዠንቪሊዬ በወንዝ ብቻ የምትለየው አርዣንተይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃ ነበር። ሠዓሊው ቱቦዎቹን በሣጥን ይዞ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ቻለ። የሚደርስበት ቦታ ደግሞ ንጹሕ ገጠር አልነበረም፤ የአትክልት ማሳና የፋብሪካ ጭስ ማውጫ አጠገብ ላጠገብ ያደጉበት የከተማ ዳርቻ ነበር። ካሚል ፒሳሮ በ1873 ፖንቷዝ አጠገብ ያለውን ፋብሪካ ከነጭሱ ሥሏል። ከኮሜርስ ሲቲ ወደ ደቡብ ስናይ የነዳጅ ማጣሪያው ማማዎች በሰማዩ ላይ ይታያሉ፤ ያን ሰማይ፣ ያን ማማ፣ ከፊቱ ደግሞ በጓሮ የተሰጣ ጋቢ አንድ ላይ የሚሥል ወጣት ከመካከላችን ቢነሣ ሥራው የዚህ ወገን ቀጥተኛ ወራሽ ይሆናል።

አሁን «ምኑ ይሣላል?» ወደሚለው። ሞሪዞ በ1841 ተወለደች። በፈረንሳይ ትልቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ኤኮል ደ ቦዛር ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1897 ነው፤ እርሷ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከቤት ውጭ መሣልን የተማረችው ከካሚይ ኮሮ ነው። የክብር ቤተሰብ ልጅ ስለነበረች ሞኔ ወይም ሠዓሊው ደጋ እንደሚያደርጉት ብቻዋን ቡና ቤት ወይም ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ መሣል አትችልም ነበር። የተፈቀደላት የራሷ ግቢ፣ በረንዳ፣ የዘመድ አትክልት ቦታ፣ ከመስኮት የሚታይ ሜዳ ነው። እርሷም ያንኑ ጠባብ ቦታ እስከ ጥግ ድረስ ተጠቀመችበት። ኢምፕሬሽኒስቶች ከ1874 እስከ 1886 ካዘጋጇቸው ስምንት ትርኢቶች በሰባቱ ሥራዋን አቅርባለች፤ የቀረችው በ1879 ብቻ ሲሆን ልጇ ዡሊ ከተወለደች ገና ወራት ነበሩ። የልብስ ማስጫው ሥዕል በ1876 ሁለተኛው ትርኢት ላይ ነበር። በዚያው ትርኢት ላይ የለ ፊጋሮ ጋዜጣ ሐያሲ አልበር ቮልፍ ሠዓሊዎቹን ዕብዶች ብሎ ሰድቧል፣ አንዷ ሴት መሆኗንም ለይቶ ጽፏል። በ1895 ስትሞት በሞት መዝገቧ ላይ ሥራ የላትም ተብሎ ተጻፈ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

ግን እውነቱን ሙሉ ማየት ይገባል። ሞሪዞ ልብስ አጣቢ አልነበረችም። በ1874 መጨረሻ የሠዓሊው ኤድዋር ማኔን ወንድም ኤዠን ማኔን አገባች፤ የማኔ ቤተሰብ ደግሞ ዠንቪሊዬ ንብረት ነበረው። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሴቶች ለገንዘብ የሚሠሩ ናቸው፤ የፓሪስ ሀብታሞች ልብስ ውሃና ክፍት ሜዳ ወዳለበት ዳርቻ እየተላከ ይታጠብ ነበር። ሥራው ከባድ ነው፤ የፈላ ውሃ፣ የራሰ አንሶላ ክብደት፣ ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ። ይህ ሁሉ ድካም ከሥዕሉ አይነበብም። ሴቶቹ ከሩቅ ስለሚታዩ ማንነታቸው የለም። አንዳንድ ሰው ይህን ቸልተኝነት ይለዋል። እኔ በግማሽ ብቻ እስማማለሁ፤ ሞሪዞ የማታውቀውን ሕይወት አውቃለሁ ብላ አልተጠጋችም፣ ግን የሥራቸውን ውጤት፣ ያንን የነጣ ልብስ፣ የሥዕሉ ልብ አድርጋዋለች። ከቅርብ የታየ ጓሮ የሚፈልግ ሰው ወደ ፒሳሮ ይሂድ። ኤራኚ በምትባል መንደር ከብዙ ልጆቹ ጋር በችግር ይኖር ነበር፤ ሚስቱ ዡሊ ቀድሞ በእናቱ ቤት የወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረች፣ አትክልት እየተከለች ቤቱን የያዘች ሴት ናት። በ1887 የሣላት ልብስ የምታሰጣ ሴት ትልቅና ቅርብ ናት፤ ትንሽ ልጅ ከአጠገቧ ተቀምጦ ያያታል። በኛም አገር ታደሰ መስፍን የጉልት ነጋዴ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁሞ ሲሥል ዓይኑ ያረፈው በዚሁ ዓይነት ሰው ላይ ነው።

ልብስ አጣቢዎችን ትኩር ብሎ ማየት ምን እንደሚያስገኝ ደግሞ ከሥዕል ውጭም ምስክር አለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ስለነበሩ እንዶድ በዓለም ዙሪያ የሚጠና መድኃኒት ሆነ። ወንዙ ዳር ብዙ የተማረ ሰው አልፏል፤ የቆመው እርሱ ነው።

ወደ ዴንቨር እንምጣ። ከኮሜርስ ሲቲ 72ኛ ጣቢያ በ2020 የተከፈተው ኤን ላይን ባቡር ዩኒየን ስቴሽን ያደርሳል፤ ከዚያ በነፃው የ16ኛ መንገድ አውቶቡስ ሲቪክ ሴንተር ወርዶ ዴንቨር አርት ሙዚየም በእግር ይደረሳል። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ። ፍሬድሪክ ሃሚልተን የተባሉ የዴንቨር ባለሀብት በ2014 ይፋ በሆነ ኑዛዜ 22 የኢምፕሬሽኒስትና የዚያ ዘመን ሥራዎች ለሙዚየሙ ሰጥተዋል፤ የቫን ጎግ የ1887 የስንዴ ማሳና ቀይ አበቦች ሥዕል አንዱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሙዚየሙ የያዘው ፒሳሮ በ1894 የሣለው የኤራኚ የመኸር ዛፎች ሥዕልም አለ፤ ልብስ የምታሰጣዋን ሴት በሣለበት በዚያው መንደር። የሚሰቀለው ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ሙዚየሙን ጠይቁ።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን አታንብቡላቸው። ሸራው አጠገብ፣ ጠባቂው የሚፈቅደውን ያህል ቀርባችሁ ቁሙ፤ እዚያ የሚታየው የተላቆጠ ቀለም ብቻ ነው። አምስትና ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ዛፉና ማሳው ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጥላ ፈልጉና ቀለሙን በስሙ ጥሩት፤ ጥቁር ካላችሁ እንደገና እዩ። ቀጥሎ ነጭ ፈልጉ፣ ደመናም ይሁን ልብስ፣ በውስጡ ስንት ቀለም እንዳለ ቁጠሩ። በመጨረሻ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለችና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ጠይቋቸው። ልጆች ጥላው ወዴት እንደወደቀ ቶሎ ስለሚያዩ ይህን ከእኛ ቀድመው ይመልሱታል፤ ከመለሱም በኋላ ሠዓሊው ፊቱን ወዴት አዙሮ ተቀምጦ እንደነበር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው።